ሰውዬው መጥቷል፤ ምርጫው ነው የቀረው

ጅማ ዞን ደዶ ወረዳ ላይ ሰው ጠይቆህ ፈጥነህ ካልመለስክ ሁለተኛ አይጠይቅህም፤ ስለ አንተ ሌላውን ይጠይቃል። መጠይቅ ታቅፈው ከጅማ ወደ ወረዳዋ ከተማ ወደ ሸቂ የሚወጡ አጥኚዎች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ቢያንስ ከሻይ ቤት ራቅ ብለው ይቀመጡ ነበር።

«በክልል ምክር ቤት ምርጫ ሕዝቡን ከመምረጥ የሚያስቀረው ምንድን ነው? ሀ. ርቀት፣ ለ. ዝናብ፣ ሐ. የትምህርት ማነስ፣ መ. የግንዛቤ እጥረት።»

«ሠ የት አለች?»

«ሠ የለችም።»

«በቃ ሠን አክብብልኝ።»

አጥኚው ሳቅ ብሎ ወደ ሌላው ይዞራል። የሳተው ነገር ግን ሙሉ መልስ ነው። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን ልምረጥ ያለው ሰው፣ ከዚያም በፊት በምርጫ ጣቢያ ወረቀት ላይ ያልተጻፈውን ፈልጎ አጥቶ የተመለሰ ሰው ነው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ እንጨርሰው። ደዶ ሽቅብ ቁልቁል ነው፤ ከጎጀብ ቆላ ተነስቶ ገብስና ባቄላ እስከሚበቅልበት ደጋ ይወጣል። «ምርጫ ጣቢያው ይርቅዎታል ወይ ሐጂ?» ቢሏቸው «ገበያው ከጣቢያው ይርቃል፤ ቀርቼ አየኸኝ?» ይላሉ። ርቀት አለቀ። እህሉን በአህያ ጭኖ ጅማ ሒርማታ ገበያ ድረስ የሚወርድ ገበሬ ለሁለት ወረቀት ቀበሌው ድረስ መሄድ አያቅተውም። ልዩነቱ ሒርማታ ሲደርስ ሦስት ነጋዴ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ጣቢያው ላይ ግን ገዢው አንድ ነው፣ ዋጋውም ቀድሞ ተቆርጧል።

ዝናቡም እንዲሁ ነው። ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ መጀመሪያ ለነሐሴ 2012 ታቅዶ ኮሮና አስቀረው፤ ከዚያ ለግንቦት 28 ቀን 2013 ተባለ፤ ከዚያም ተገፍቶ ሰኞ ሰኔ 14 ቀን ሆነ። ሰኔ በጅማ ዙሪያ የቡና ችግኝ የሚተከልበት፣ በቆሎ የሚኮተኮትበት፣ ሰማዩ ያለ ቀጠሮ የሚወርድበት ወር ነው። ቀኑን የቆረጠ ሰው ካላንደሩን እንጂ ሰማዩን አላየም። ያም ሆኖ ሰው ተሰልፏል፤ እንዲያውም ሰልፉ አላልቅ ብሎ ድምፅ የሚሰጥበት ሰዓት ከምሽቱ 12 ወደ 3 ሰዓት ተራዘመ። ዝናብ የደዶን ሰው የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ በሰኔ ለቅሶ ቤት ባዶውን በዋለ ነበር።

«የግንዛቤ እጥረት» የምትለዋ ግን ትንሽ ታስቆመናለች። የመራጮች ትምህርት ሰጪው አበሉን ተቀብሎ፣ ትልቁን ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ «ግንዛቤ ያንሳችኋል» ሲል ከኋላ የተቀመጠው ገበሬ ምን ይላል መሰለህ? «ለማዳበሪያ ዕዳ ሲሆን ግንዛቤዬ ሙሉ ነው ብላችሁ ታስከፍሉኛላችሁ፤ ለድምፅ ሲሆን ነው የሚጎድለኝ?» ትምህርቱን ያገኘው እሱ፣ አበሉን ያገኘው አስተማሪው። ማን ግንዛቤ እንዳለው ፍረድ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። «ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው» ብሎ የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የመንግሥትን ቁጥር ያላነበበ ነው። በኢትዮጵያ ተሳትፎ ዝቅ ብሎ አያውቅም! በ2002 ዓ.ም. ምርጫ 93 በመቶ ተባለ። በ2007ም ከዚያ አልወረደም። በ2013 ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ከ90 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጠ። ከአሁኑ ሕገ መንግሥት በፊትም በ1979 ዓ.ም. ደርግ የራሱን ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ሲያቀርብ 96 በመቶው ወጣ ተብሏል። ሥርዓት ይለዋወጣል፤ ባንዲራው ላይ ያለው ዓርማ ይለዋወጣል፤ ካፋ ክፍለ ሀገር የጅማ ዞን ይሆናል፤ ዘጠናው ግን ከቦታው ንቅንቅ የለም።

ተንኮሉ ያለው መቶው ከማን መቶ ላይ እንደሆነ ነው። መቶኛው የሚሰላው ካርድ ከወሰደው ሰው ነው። ካርድ ያልወሰደ ሰው ቀሪም አይባልም፣ መጪም አይባልም። በ2013 ምዝገባው ቀዝቅዞ ምርጫ ቦርዱ ቀኑን ያራዘመው ለዚህ ነው፤ እውነተኛው ማኩረፍ የታየው በድምፅ መስጫው ቀን ሳይሆን በምዝገባው ሳምንታት ነበር። የሸቂ ልጅ ጅማ ቆጪ ባጃጅ ይነዳል። ሕጉ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ይመዝገብ ይላል። ቆጪ ሲሄድ «መታወቂያህ የደዶ ነው»፤ ደዶ ሲመለስ «አንተማ ጅማ ነህ»። ቡና ለቃሚው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጎማ፣ ሊሙ፣ ጌራ እያለ ሲዞር ስድስት ወር አንድ ቦታ የሚያስቀምጠው ሕመም ብቻ ነው። «አልመረጥክም?» ስትለው «እኔን ማን መዘገበኝና?» ይልሃል። እሱን የሚቆጥር መቶኛ የለም።

ተመዝግቦ የመጣውንስ ምን አመጣው? እዚህ ላይ ወንበርህን ሳብ አድርግ።

በኦሮሚያ ገጠር ከቀበሌ በታች ጎጥ አለ፤ ከጎጥ በታች ጋሬ አለ። በኢሕአዴግ ዘመን በዚህ ላይ የልማት ቡድንና አንድ ለአምስት ተጨመረ። አምስት አባወራ ባለበት ስድስተኛው የት እንደዋለ ይታወቃል። ካርድ አውጥተሃል ወይ ብሎ በርህን የሚያንኳኳው ሰውዬ፣ ለማዳበሪያው ስምህን የሚጽፈው ሰውዬ፣ ልጅህ ለሥራ የድጋፍ ደብዳቤ ሲፈልግ ማኅተሙ ጋ የሚቀመጠው ሰውዬ አንድ ሰው ከሆነ፣ እንኳን ዝናብ ወባም አያስቀርህም። አጥኚው ይህን «ማኅበራዊ ቅስቀሳ» ብሎ ይጽፈዋል። ጥሩ ስም ነው፤ ለልጄ አወጣለታለሁ።

ጣት ላይ የሚቀባው ቀለምስ? ሌላው ዓለም ያመጣው ሰው ሁለቴ እንዳይመርጥ ነው። እኛ ዘንድ አንዴም እንዳይቀር ያገለግላል። በማግስቱ «ጣትህን እስቲ» ያሉት እንደሆነ በኪሱ እጁን የሚከት ሰው ገንዘብ እየቆጠረ አይደለም።

አውስትራሊያ ድምፅ ያልሰጠን ሰው በሕግ ትቀጣለች፤ ለፌዴራል ምርጫ የመጀመሪያው ቅጣት 20 ዶላር ነው። ይህን ለአንድ የደዶ ሽማግሌ ብትነግራቸው ይስቃሉ። «እነሱ ቅጣቱን በአዋጅ ጻፉት፤ እኛ በቃል ያዝነው» ይሉሃል።

«እንዲህ ከሆነ ሕዝቡ ወዶ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው?» ብለህ ልታጣላኝ ነው። ያውቃል። ግንቦት 7 ቀን 1997 ያውቃል። ያን ዓመት ተፎካካሪ በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከረ፤ ሰው ሚኒስትር ሲያልበው አየ፤ አየና ሳይነጋ ተሰለፈ፤ ብዙ ቦታ ሰልፉ እስከ ሌሊት ዘለቀ። ርቀቱ ያው ነበር፤ የትምህርት ደረጃውም ያው። የተጨመረችው ሠ ብቻ ናት። እንዲያውም ያን ዓመት የምክር ቤት ምርጫ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ የገባው የአዲስ አበባ መራጭ ነው፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን ለተቃዋሚው ቅንጅት ሰጠ፤ ከንቲባው ማን እንደሚሆን እያወቀ መረጠ። ከንቲባ ይሆናል የተባለው ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ግን በማዘጋጃ ቤት ፋንታ ቃሊቲ እስር ቤት ገባ። አጥኚው ከዚያ በኋላ ያለውን የሰው ስሜት «የመራጮች መታከት» ይለዋል። መታከት አይደለም ወንድሜ፤ ማስታወስ ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ። ከተረፉት ሁለት ሰዎች አንዱ በግል የተወዳደሩት የከፋው ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። ጎጀብ ማዶ አንድ ሰው አመለጠ ማለት ነው። በ2007 ያቺም ቀዳዳ ተደፈነች፤ 547 ከ547። ከዚህ በኋላ ለመራጩ የቀረው ጥያቄ «ማን ያሸንፋል?» አልነበረም፤ «ስንት ሰዓት ላይ ብሄድ ሰልፉ ያጥርልኛል?» ነበር።

በ2013ማ የኦሮሚያው ነገር ይብሳል። ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ አመራሮቻችን ታስረዋል፣ ቢሮዎቻችን ተዘግተዋል ብለው ወጡ። ብዙ ቦታ ብልጽግና ከራሱ ጋር ተወዳደረ፤ ብርቱ ፉክክር ነበር፣ ለጥቂት አሸነፈ። ውጤቱ ሲነገር በአገር ደረጃ ከ436 መቀመጫ 410ሩ የብልጽግና ሆነ። የምርጫ ምልክቱ አምፖል ነው። ሸቂ ላይ አምፖሉ ግድግዳው ሁሉ ላይ በርቶ ነበር፤ መብራት በጠፋበት ሰዓት ሳይቀር። «አምፖሉን መረጥነው፤ አሁን ቆጣሪውን ማን ጋ ሄደን እንምረጥ?» ያለውን ሰው ስሙን አልነግርህም፤ ቆጣሪ እየጠበቀ ነው።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር ይጨመር። ጅማ ዞን በዚያ ዓመት በልቡም የወጣ ሰው ነበረው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የበሻሻ ልጅ ናቸው፤ ድምፃቸውንም እዚያው በሻሻ ነው የሰጡት። ከአጋሮ እስከ ደዶ «የራሳችን ሰው» የሚለው ነገር ማንም ጋሬ ሳያንኳኳው አንዳንዱን ከቤቱ አውጥቶታል። ሰው ወገኑን ልምረጥ ቢል ነውር የለውም። የኔ ክርክር ሌላ ነው፤ ለወገኑ ብሎ የወጣው ሰው እጅ ላይ ሁለተኛ ወረቀት ተቀምጦ ነበር።

እንግዲህ አጥኚው የመጣበት የክልል ምክር ቤት እሱ ነው። የክልሉ ምክር ቤት የጨፌ ኦሮሚያ ወረቀት ራሱን ችሎ አይቆምም፤ የሚመጣው በፓርላማው ጀርባ ታዝሎ ነው። ቀኑ አንድ፣ ሰልፉ አንድ፣ ኮሮጆው ብቻ ሁለት። ስለዚህ የጨፌው ተሳትፎ 90 ምናምን በመቶ ነው ስትለኝ፣ የታዘለው ልጅ ከጅማ ሸቂ በእግሩ ሄደ እያልከኝ ነው።

«የጨፌ ተወካይህ ማን ነው?» ብለህ ሻይ ቤቱን ሙሉ ጠይቅ። አንዱ የፓርላማውን ስም ይነግርሃል። ሌላው የወረዳውን አስተዳዳሪ። ሦስተኛው «እኔን ትጠይቀኛለህ? እስቲ እሱን ማን እንደመረጠው ጠይቀው!» ይልሃል። ኦሮሚያ በተወካዮች ምክር ቤት 178 መቀመጫ ሲኖራት ጨፌው 537 አለው። ሦስት እጥፍ ነው። በቁጥር የሚቀርብህ የጨፌው ሰው ነበር፤ ሦስት ሆነው አንዱም አለመታወቃቸው ግን ቀላል ችሎታ አይደለም።

ይህን ሁሉ ጊዜ ገበሬው የሚፈራው ደግሞ አዲስ አበባን ነው። ኪሱ ያለው ጨፌው ዘንድ ነው። ሳጥን ውስጥ የቆለፈው የመሬት ይዞታ ደብተር የቆመው ጨፌው ባወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ላይ ነው። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያውንና የገበሬውን የገቢ ግብር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ለክልል ነው የሰጠው። የወረዳው በጀት ከክልል ነው የሚወርደው፤ የሸቂ መምህርና ነርስ ደመወዝ ከዚያ ነው። የክልሉን ፕሬዚዳንት የሚመርጠው ጨፌው ነው፤ ከ2013 ምርጫ በኋላ አቶ ሽመልስ አብዲሳን በድጋሚ የመረጠው እሱ ነው። በ2015 ምሥራቅ ቦረና የሚባል ዞን ሲቆረጥ ነገሌ ላይ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ውሳኔው ግን የጸደቀው ጨፌው አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰው ዞኑ ተቆርጦ ሲያድር ነው እንግዲህ «ለካ ይህ ወረቀት ሥራ ነበረው!» የሚለው።

«ታዲያ ይህን ለምን አላስተማራችሁንም?» ቢል ገበሬው ትክክል ነው። «ግንዛቤ» ማለት ይህ ነበር፤ እርሳስ እንዴት እንደሚያዝ አልነበረም።

ጉዳዩ የደዶ ብቻ እንዳይመስልህ። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2021 በሰኔ የሳክሶኒ አንሃልት ክፍለ ግዛት ምክር ቤቱን ሲመርጥ የወጣው 60 በመቶ ገደማ ነው፤ በዚያው ዓመት መስከረም ለአገሪቱ ፓርላማ ሲሆን በመላ አገሪቱ ከ76 በመቶ በላይ ወጣ። ሬይፍና ሽሚት የተባሉ ምሁራን የአውሮፓን ፓርላማ ምርጫ አይተው እ.ኤ.አ. በ1980 እንዲህ ያለውን «ሁለተኛ ደረጃ ምርጫ» አሉት፤ ሰው ሥልጣን የለም ብሎ በሚያስብበት ቦታ አይሰለፍም ነው ነገሩ። ወደ ሕንድ ስትሄድ ደግሞ ይገለበጣል። በብዙ ግዛቶች ለግዛቱ ምክር ቤት የሚወጣው ሰው ለዴልሂ ከሚወጣው ይበልጣል፤ ምዕራብ ቤንጋል እ.ኤ.አ. በ2021 ከ80 በመቶ በላይ ወጣ፤ ምክንያቱም የግዛቱ ዋና ሚኒስትር ማን እንደሚሆን ብርቱ ፉክክር ነበር። ጀርመን የተማረ ነው፣ መንገዱም አስፋልት ነው፣ ግንዛቤውም ሞልቷል፤ ቀረ። ቤንጋል ገበሬው ጭቃ ረግጦ ወጣ። አጥኚው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መን ይዞ የት ይግባ?

ጨፌው ፍጹም ከንቱ ነው ለሚለኝ ደግሞ አንዲት የደዶ እናት መልስ አላት። ባሏ ማንን እንደምትመርጥ ከቤት ጀምሮ ሲነግራት መንገዱን ጨረሱት። «እሺ አልሽው?» አልናት። «ሁለት ወረቀት ነው የሰጡኝ። አንዱን ለሱ እሺታዬ አደረግኩት፤ ሌላውን ከመጋረጃው ኋላ ማን አየኝ?» እንግዲህ ማንም የማይቆጣጠራት፣ ማንም ስሟን የማያነሳት ወረቀት ለአንዲት ሴት የራሷ ሆናላታለች። የምርጫ ሳይንስ ይህን በየትኛው ፊደል እንደሚያከብበው አላውቅም። ባልየው ይህን ጽሑፍ ካነበበ፣ አዴ፣ ይቅርታሽን።

የፓርቲ ሰዎችም አይቅርባቸው። የጨፌ ዕጩ ሸቂ የሚመጣው በሰልፍ ነው፤ መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሲያልፍ «ማን ነበር?» ሲባል «ዕጩው» ይባላል፤ «ምን አለ?» ሲባል «ጥሩምባ ነፋ»። ተፎካካሪውስ? እሱ ደግሞ ከነጭራሹ አይመጣም፤ መግለጫው ነው የሚመጣው፤ እሱም ከአዲስ አበባ ሆኖ። መጥቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ጭቃው የጋራ ይሆን ነበር። ጅማ ላይ ኤፍኤም ሬዲዮ አለ፤ የደዶ ሰው ማሳ ውስጥ በስልኩ ይሰማል። ሁለት የጨፌ ዕጩዎች በኦሮምኛ ስለ ደዶ መንገድ፣ ስለ መሬት ግብር፣ ስለ ሸቂ ጤና ጣቢያ መድኃኒት አንድ ሰዓት ይከራከሩ። አንዱ ሌላውን ያፋጥጠው። እዚህ አገር ሰው በነገር መፋጠጥ ይወዳል፤ ፍልሚያ ካለ ወንበር ይዞ ነው የሚመጣው። ጋሬው በር ማንኳኳቱን ትቶ ማሳው ይሂድ።

አጥኚው መጠይቁን እያጠፈ የመጨረሻዋን ጥያቄ አነሳ አሉ። «ለእናንተ በጣም የሚቀርበውን ምክር ቤት፣ የቀበሌውን ማለቴ ነው፣ ለመጨረሻ ጊዜ የመረጣችሁት መቼ ነው?»

ሻይ ቤቱ ዝም አላለም፤ ደዶ ነው። «ያኔ የተወለደው ልጅ ቡና ይለቅማል» አለው አንዱ። «ያኔ የተመረጠው ሰው ጡረታ ይጠይቃል» አለው ሌላው። ሁለቱም ልክ ናቸው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው፤ በ2010 መደረግ የነበረበት ተላለፈ፤ ከስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ጋርም አልተደረገም።